ከባሕር ማዶ የመጣ መሮ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሄዶ በሰላም ሲመለስ ለዘመዶቹ ጥቂት ነገር ይዞ መምጣቱ የቈየ ልማድ ነው። ስጦታው ትንሽ እንኳ ቢሆን የተቀበለው ሰው ደስ ይለዋል፤ ወዳጁ በሩቅ አገር ሳለ እንዳልረሳው ያውቃልና። ነገር ግን ስጦታ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ በሳምንት ያልቃል፤ አንዳንዱ በሣጥን ተቈልፎ ይኖራል፤ አንዳንዱ ግን በየቀኑ ይሠራል፥ እንጀራም ያበላል። ከዚህ ከሦስተኛው ወገን የሆነው ስጦታ መልካም የእጅ መሣሪያ ነው።

ይህን ታላላቅ ሰዎችም ዐውቀውት ነበር። የሩሲያ ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1697 ዓ.ም. ስሙን ሰውሮ ወደ ሆላንድ አገር ሄደ። በአምስተርዳምም ከተማ መርከብ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር መጥረቢያ ይዞ እንደ ተራ አናጢ ሠራ። ወደ አገሩም የወሰደው ትልቁ ሀብት የእጅ ጥበብና ጥበብን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

በእኛም አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፥ በጋፋት፥ የአውሮፓ ሰዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የለመኑት ወርቅና ሐር ሳይሆን የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሠራተኞችን ነው። ሠራተኞቹም ከዕቃቸው ጋር እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡ ባሰሯቸው የአውሮፓ ሰዎች ምክንያት ስምምነት ስላልተገኘ ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ። በጋፋት የተሠራው ትልቁ መድፍ፥ ሴባስቶፖል፥ እስከ ዛሬ በደቡብ ወሎ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

ንጉሥ ያሰበውን ድኻም ሊያስበው ይችላል። ከወሎ ብዙ ወጣቶች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ በሰው ቤት ያገለግላሉ። ገንዘቡ የሚገኘው በብዙ ድካምና በብዙ ናፍቆት ነው። ስለዚህ በምን ላይ እንደሚውል ማሰብ ይገባል። የሚከተለው ታሪክ ይህን ያስረዳል።

በደሴ ከተማ አንድ አናጢ ነበር። ብዙ ዘመን በርና መስኮት፥ ጠረጴዛና አልጋ ሲሠራ ኖረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሱቆችና የሥራ ቤቶች ተዘረፉ፤ የዚህም አናጢ የመሣሪያ ሣጥን አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከጎረቤቱ መጋዝ እየተዋሰ ይሠራ ነበር። ጎረቤቱ መጋዙን ለራሱ ሥራ በፈለገው ቀን ግን አናጢው እጁን አጣምሮ ይውላል። ሙያውን ይማር የነበረው ወንድ ልጁም ሁለት ሰው በአንድ የውሰት መጋዝ ሊሠራ እንደማይችል ባየ ጊዜ ትምህርቱን ትቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ በዚያም ሸክም ይሸከም ጀመር።

የአናጢው ሴት ልጅ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ልትመለስ በተሰናዳች ጊዜ በስልክ ጠየቀችው፤ «አባባ፥ ልመጣ ነው። ለእርስዎ የወርቅ ቀለበት ልግዛልዎ?»

አባቷም፤ «ልጄ፥ ወርቁ ይቅርብኝ። ቀለበት በጣቴ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ መሮ ግን ከእጄ ጋር ይሠራል። መሮና መጋዝ አምጪልኝ» አላት።

እርስዋም፤ «እኔ የመሮን ክፉና ደግ አላውቅም፤ እንዴት አድርጌ ልምረጥ?» አለችው።

አባቷም እንዲህ ብሎ አስተማራት፤ «አስቀድመሽ ብዛት አትፈልጊ። አርባ ዐይነት ዕቃ በአንድ ሣጥን ተሰድሮ በርካሽ ሲሸጥ ታያለሽ፤ ዐይንን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አርባ ክፉ ዕቃ ከመያዝ አራት መልካም ዕቃ መያዝ ይሻላል። በአገራችንም የሚገኘውን አትሸከሚ። መጥረቢያና ማጭድ የአገራችን ቀጥቃጭ አሳምሮ ይሠራልኛል።

«የመዶሻውን እጀታ ተመልከቺ። በእንጨቱ ላይ የሚታየው መሥመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በርዝመቱ የሚሄድ ይሁን፤ መሥመሩ አግድም የሆነ እጀታ ቶሎ ይሰበራል። የመዶሻውንም ራስ ይዘሽ ነቅንቂው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዪው።

«መጋዙን በቀስታ አጉብጠሽ ልቀቂው። መልካም መጋዝ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ ክፉው ግን እንደ ጎበጠ ይቀራል። እኔ የለመድሁት መጋዝ ሲገፉት የሚቈርጥ ነው። የጃፓን አገር መጋዝ ግን ሲስቡት ይቈርጣል፤ ስለዚህም ብረቱ ስስ ነው። እርሱም መልካም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን መግፋት የለመደ እጅ ያጣምመዋል። እንግዲህ የሚገፋውን ምረጪልኝ።

«የመሮው ጀርባ ለጥ ያለ ይሁን። ብረቱ በጣም የለሰለሰ እንደ ሆነ ስለቱ ይታጠፋል፤ በጣም የጠነከረ እንደ ሆነ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህ በዐይን አይታወቅም። ስለዚህ ሻጩን ብቻ አትመኚ፤ በዚያ አገር የሚሠራ አናጢ ፈልገሽ ‹አንተ ራስህ የምትሠራበት መሮ የትኛው ነው?› ብለሽ ጠይቂው።

«ስኳድራም ግዢልኝ። እርሱን መፈተን ቀላል ነው። በቀጥተኛ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፈሽ አንድ መሥመር አስምሪ፤ ከዚያ ገልብጠሽ ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ መሥመር አስምሪ። ሁለቱ መሥመሮች አንድ ላይ ከዋሉ ስኳድራው እውነተኛ ነው፤ ከተለያዩ ግን ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛ ስኳድራ የያዘ አናጢ እጁ ቢታመንም የሚሠራው በር ሁሉ ጠማማ ነው።

«ስለት ያለውንም ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለሽ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አግቢው። በእጅሽ ይዘሽው ወደ አውሮፕላን ልትገቢ ብትፈልጊ ይወስዱብሻል።»

ልጅቱም የተባለችውን በወረቀት ጻፈች። ወደ ሱቁም በሄደች ጊዜ በመሣሪያዎቹ ላይ የብዙ አገር ስም ተጽፎ አየች። በዓለም ላይ በብረት ሥራቸው የታወቁ ከተሞች አሉ። በእንግሊዝ አገር ሸፊልድ፥ በጀርመን አገር ዞሊንገን የተባሉት ከእነዚህ ናቸው። ሸፊልድ በአረብ ብረት የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1740ዎቹ ዓመታት ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥሩ ብረት አጥቶ ተቸገረ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፈትኖ፥ በሸክላ ማቅለጫ ብረቱን አቅልጦ የጠራ አረብ ብረት አወጣ። መልካም ስም እንዲህ ባለ ድካም ይገኛል። ነገር ግን ስም በማንኛውም ብረት ላይ ሊጻፍ ይችላልና ልጅቱ ስሙን ካነበበች በኋላ ዕቃውን ራሱን ፈተነች። በመጨረሻም ሁለት መሮ፥ አንድ መጋዝ፥ አንድ መዶሻ፥ አንድ ስኳድራና አንድ መሳያ ድንጋይ ገዛች።

ከአዲስ አበባም በአውሮፕላን መጥታ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ከዚያም ጠመዝማዛውን መንገድ ይዛ ወደ ደሴ ወጣች። ጎረቤቶችም ሊጠይቋት ተሰበሰቡ። ሻንጣው በተከፈተ ጊዜ አንዲት ሴት፤ «ልጄ፥ ብረት ተሸክመሽ መጣሽ? ብረት በኮምቦልቻ ሞልቶ የለምን?» ብላ ሣቀች። ልጅቱ አፍራ ዐንገቷን ደፋች። አባቷ ግን መሮውን አንሥቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፥ ስኳድራውንም ገልብጦ ፈተነ፤ ከዚያም ቃል ሳይናገር የልጁን ግንባር ሳመ።

በማግሥቱ ወንድሟ ከኮምቦልቻ መጣና፤ «እታለም፥ ይህን ሁሉ ለእኛ ተሸከምሽ?» አላት።

እርስዋም፤ «ወንድሜ፥ እኔ በሰው ቤት አራት ዓመት የደከምሁት አንተ በገበያ ሸክም እንድትሸከም አይደለም። በል መጋዙን ያዝ» አለችው።

እርሱም ያዘ። አባትና ልጅ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ መጋዙን ያውሳቸው ለነበረው ጎረቤት አንድ በር ነበር፤ ዋጋም አልተቀበሉትም።

በዚያው ወራት አንድ የኮምቦልቻ ወጣት ከውጭ አገር ተመልሶ ግንበኛ ለሆነው ለአጎቱ ትልቅ የመሣሪያ ሣጥን አመጣ። ሣጥኑ ያበራል፤ በውስጡም ብዙ ዐይነት ዕቃ ነበረበት። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የመዶሻው ራስ ወልቆ በሥራው ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዱን ለጥቂት ሳተው። ውኃ ልኩም የጠመመውን ቀጥ ያለ ነው ብሎ ስላሳየ አጎቱ የሠራውን ግንብ አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ግድ ሆነበት። ውኃ ልክ ሲገዙ በአንድ ወገን ካዩ በኋላ ጫፍና ጫፉን አዙረው በዚያው ስፍራ ቢያዩት፥ አረፋውም በአንድ ቦታ ቢቆም፥ የታመነ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ወጣቱ አጎቱን ይወድ ነበር፤ ነገር ግን ፍቅሩን በዕውቀት አልደገፈውም።

መልካም መሣሪያ ለሠራተኛ መስጠት ሠራተኛውን ማክበር ነው። በአገራችን ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪውን በሥራቸው ምክንያት መስደብ ልማድ ሆኖ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ይህ ስድብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚያስተካክል ግን የሥራን ዋጋ ማወቅ ነው። ከሩቅ አገር መሮ መርጦ ለአናጢ ያመጣ ሰው፤ «ሥራህ ክቡር ነው» ብሎ ያለ ቃል ይናገራል።

መልካም መሣሪያ ቢደነዝዝ ይሳላል፤ እጀታው ቢሰበር በወይራ ይተካል። አባት የሠራበትን ልጅ ይወርሰዋል። ስለዚህ ስጦታ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የሚሠራበት ማን ነው? በእውነት የተሠራ ነውን? ከብዙ ዓመት በኋላስ ምን ይተርፈዋል?

ጥያቄ።
1. አናጢው የወርቅ ቀለበት ያልፈለገው ስለ ምን ነው?
2. ስኳድራ እውነተኛ መሆኑ በምን ይፈተናል?
3. በጣም የለሰለሰ ብረትና በጣም የጠነከረ ብረት ምን ይሆናሉ?
4. የኮምቦልቻው ወጣት ስጦታ አጎቱን ያልጠቀመው ለምንድር ነው?
5. በቤታችሁ ካሉት መሣሪያዎች ብዙ ዘመን የቈየው የትኛው ነው? ማን ይሠራበት እንደ ነበረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።