የዕጣን ዛፍና የነገው ሒሳብ

በሸሕዲ ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ ዕጣን ምን እንደሆነ እኛ ልንነግረው አንነሣም። ወደ ተራራው ወጣ ያለ ሰው ሁሉ ዛፉን ያውቀዋል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ራቁቱን ይቆማል። የሳይንስ ሰዎች ያወጡለት ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ «ወረቀት የሚያፈራ» እንደ ማለት ነው። ፊደል ለቆጠርን ሰዎች ደስ የሚል ስም ነው። ዛሬ የምናነበው ግን ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ዕድሜው ነው።

ዕጣን የዛፍ ደም ነው ይባላል። ወተቱ ነው ብንል ይበልጥ ይቀርባል። መስከረም ሲያልቅ ወይም ጥቅምት ሲገባ ሠራተኛው ሚንጋፍ የሚባለውን ስለታም መፋቂያ ይዞ ደን ይገባል። ከግንዱ ላይ ቅርፊቱን በጥቂቱ ይፍቃል። ነጭ ፈሳሽ ይወጣና በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል። ሠራተኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፤ ያንኑ ቁስል እንደገና ከፍቶ ሰፋ ያደርገዋል። ዝናብ እስኪጥል ድረስ በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንዲህ ይመላለሳል።

ታዲያ ይህ ፈሳሽ ከየት ይመጣል? ዛፉ ምግቡን የሚሠራው ክረምት ላይ በቅጠሉ ነው። የሠራውን ምግብ ለቅጠል፣ ለአበባ፣ ለዘርና ለቁስል ማዳኛ ያከፋፍለዋል። ዕጣኑም የሚወጣው ከዚያው ጎተራ ነው። ላሟን አራቱንም ጡት አልቦ ለጥጃው ምንም ያላስቀረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያገኝ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። በኤርትራ ተጠንቶ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 የወጣ ጽሑፍ ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ካልተፋቀ ዛፍ ከተለቀመ 100 ዘር 80 ያህሉ ሲበቅል፣ ክፉኛ ከተፋቀ ዛፍ ከተለቀመው 100 ዘር የበቀለው 16 ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ዕድሜያቸውን በዕጣን ለቀማ ያሳለፉ ሽማግሌ አግኝተን ነበር። «አባቴ፣ የዚህ ደን ትንንሾቹ ዛፎች የታሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «እናንተ ልጆች፣ እኔም እኮ የምፈልገው እነሱኑ ነው! ልጅ ሆኜ ያየኋቸው ዛፎች ዛሬም እነዚያው ናቸው። እኔ አረጀሁ፤ እነሱም አረጁ። ልጅ ግን አልወለዱም» አሉን።

የተማሩ ሰዎች ብዙ ደክመው የደረሱበት ነገርም ሽማግሌው ካሉት የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቻቸው መተማ ውስጥ የዛፎቹን ዕድሜ ከግንዳቸው ውስጥ ካለው የዓመት ቀለበት ቆጥረዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ለሚያህል ጊዜ አዲስ ዛፍ እንዳልተተካ ገልጸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ያሉ የዕጣን ደኖችን፣ የመተማውን ጭምር፣ መርምሮ ነበር። ነገሩ ባለበት ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ከዛፎቹም በ50 ዓመት ውስጥ ከ10 ዘጠኙ እንደሚያልቁ አስልቷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎች ላይ ከ21 ሺህ የሚበልጡ ዛፎች ተቆጥረው፣ ከአራት ደኖች በሦስቱ ትንንሽ ዛፍ ጠፍቷል ተባለ።

እስቲ እኛም በእርሳስ እንሞክረው። 100 ዛፍ ያለው ደን አለ እንበል። በያመቱ ካለው ላይ ከመቶ 5 ይሞታል፤ የሚተካ የለም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 95 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 90 ያህል ነው። ማንም አይደነግጥም፤ ደኑ ሲያዩት ደን ነው። በ10 ዓመት 60 ይሆናል። በ14 ዓመት ከ50 በታች ይወርዳል። አታላዩ ነገር ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጉድለቱ ለዓይን አይታይም።

ጥፋቱን ሁሉ በዕጣን ለቃሚው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የ2004ቱ ጥናት ያልተፋቀውም ደን ተተኪ እንደሌለው አግኝቷል። ክረምት ላይ ችግኝ ይበቅላል፤ ችግሩ የሚያድግ መጥፋቱ ነው። ችግኙ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በጋ በመጣ ቁጥር ከላይ ደርቆ በሥሩ ብቻ ነው የሚተርፈው። እየጠነከረ ሄዶ ቁመት እስኪያወጣ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። በዚህ መሀል ሣር ለማቃጠል ወይም እርሻ ለመመንጠር የተለቀቀ እሳት ያገኘዋል። ከእሳቱ ቢያመልጥ ክረምት ሲገባ ከጭልጋና ከደንቢያ ወገን የሚወርደው ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። ያደጉትንም ግንድ የሚበላ ጥንዚዛ ይጥላቸዋል። የቀረውን ደግሞ ሰሊጥና ጥጥ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ገበሬ በሬውን ሸጦ ብሩን ከማሽላው ዋጋ ጋር ደምሮ «ዘንድሮ ምርት በዛልኝ» ቢል ጎረቤት ይስቅበታል። በሬው ምርት አይደለም፤ ምርት የሚገኝበት ጥሪት ነው። አገርና ዓለም ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ እያሰሉ ኖረዋል። ደን ተመንጥሮ ሰሊጥ ሲዘራ የሰሊጡ ዋጋ በአገር ገቢ ላይ ይደመራል፤ የጠፋው ደን ግን ከየትም አይቀነስም። በዚህ የተነሣ ስለ ተፈጥሮ ሀብትና ስለ ኢኮኖሚ አብረው የሚያጠኑ ሰዎች የሚከራከሩት ነገር አለ። ገቢ መባል ያለበት ጥሪቱን ሳይነኩ በያመቱ ሊወሰድ የሚቻለው ብቻ ነው ይላሉ። እኛም በዚህ እንስማማለን። ደኑ ከዕጣኑ ሌላ የንብ ቀሰም ይሰጣል፤ አፈር ያቅባል፤ ከሱዳን በኩል የሚመጣውን ደረቅ ነፋስ ይገታል። ይህ ሁሉ ደረሰኝ የለውምና በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ለምን ታዲያ ሰው እያወቀ ያጠፋል? ሞኝ ሆኖ አይደለም። ደኑን ለጥቂት ዓመት በውል የያዘ ነጋዴ የሚያስበው ለውሉ ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ችግኝ ለእሱ ምኑ ነው? ሠራተኛው የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ከሆነ ቁስል ያበዛል። ቁስል ሲበዛ ደግሞ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ምርቱ አይጨምርም፤ ዛፉን ማድከም ብቻ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሠፈራ ወደ መተማና ቋራ የመጣው ወገንም አለ። ያ ሰው የተራበ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ነው፤ የልጁን የዛሬ እራት ትቶ ስለ 20 ዓመት ወዲያ ዕጣን አስብ ብንለው ምን ፊት አለን? የረጅም ጊዜ አሳብ ዛሬ የሚበላ ላለው ሰው ይቀላል። እኛ ከደጋ መጥተን ደመወዝም ስንቅም እየተቀበልን «ዛፍ አትቁረጡ» ማለት እንዴት እንደሚቀል በራሳችን አይተነዋል።

ስለዚህ ነገሩ በምክር ብቻ አያልቅም። ማን ደኑን ይይዛል? ለስንት ጊዜ ይይዛል? ጥያቄው እዚያ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥሩ 1065/2010፣ ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን እንዳለ ተቀብሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕጣኑን እየለቀመ የሚኖር የቀበሌ ሕዝብ ደኑ በስሙ ከተጻፈ፣ የውሉ ዘመንም ልጁን የሚደርስ ከሆነ፣ አንዱን ክፍል አሳርፎ ሌላውን መፋቅ ያዋጣዋል። ደኑን በአራት ከፍሎ አንዱን በየተራ ማሳረፍ ይቻላል። ያን ዓመት ከአራት አንዱ ገቢ ይቀራል፤ መቅረቱን አንደብቅም። ለዚያ ዓመት ጉድለት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቀድሞ ቁጠባ ካልያዘ ዕረፍቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌላውን ሥራ እጅ ያውቀዋል። ችግኝ የበዛበትን ቦታ በእሾህ አጥሮ ከከብት ማራቅ፣ በጋው ሳይጠና በደኑ ዙሪያ ሣሩን አጭዶ እሳት የማያልፍበት መንገድ መክፈት ነው። ከቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም በትግራይ ተሞክሯል፤ ሁሉም አይጸድቅም፤ የሚጸድቀው ግን ከዘር ከሚበቅለው ችግኝ ይልቅ ከብትና በጋን ይቋቋማል።

ለንባብ ቡድናችሁ የሚሆን አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ደን ስትገቡ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ 100 የዕጣን ዛፍ ቁጠሩ። የሰው ክንድ ከሚያህለው የቀጠነውን በአንድ በኩል፣ የወፈረውን በሌላ በኩል ጻፉ። ቁስል የሌለበትን ለብቻ ምልክት አድርጉበት። የወደቀም ካለ አትዝለሉት። ቀኑንና የቦታውን ስም ከላይ ጽፋችሁ ወረቀቱን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ፤ በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር እነዚያኑ ዛፎች እንደገና ትቆጥሯቸዋላችሁ።