በወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ? (ስለ ተጠበሰ ዶሮ የተዘጋጀ ትምህርት)

 

ባለፈው አርብ እንደ ልማዳችን ገንዘብ አዋጥተን ትልቁን የዶሮ ባኬት ገዝተን ስንበላ፣ አንዷ እህታችን ክንፉን በእጇ እንደያዘች «እናንተ፣ ይሄ ነገር ግን ምግብ ነው ወይስ በሽታ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን፣ መብላታችንን ግን አላቆምንም። እኔ ወደ ቤት ስመለስ ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እዚህ ኦልድ ኤርፖርት እንደሆነ በየመንገዱ ዳር የዶሮ ሽታ ነው፣ ከሜትሮው ወርደን ገና ሳንሻገር ይቀበለናል። የምንሠራበት ቤትም ልጆቹ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያስመጡ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የዚህን ወር የጤና ትምህርት በዚሁ ላይ አደረግሁት። ሐኪም አይደለሁም። የማካፍላችሁ አስረኛ ክፍል ባዮሎጂ የተማርኩትን፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው ስለ ምግባቸው ያወጡትን ቁጥርና የጤና ድርጅቶች የሚመክሩትን ነው።

መጀመሪያ ከረጢቱን እንየው። ትምህርት ቤት የቅባት ሙከራ ትዝ ይላችኋል? ምግቡን ነጭ ወረቀት ላይ እናሸውና ወረቀቱን ወደ ብርሃን እንይዘዋለን፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠብታ ከታየና ደርቆም ካልጠፋ ቅባት አለው ማለት ነው። የዶሮው ከረጢት ሥሩ ሁልጊዜ እንደ መስታወት ሆኖ ነው የሚመጣው። ሙከራውን ሱቁ ራሱ ሠርቶ ይልክልናል ማለት ነው! ሌላም ሙከራ ነበር፣ አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጥ ምግብ ስታርች አለው የሚባለው። ስጋው ላይ ቢሞከር አይለወጥም፣ የውጪው ቅርፊት ላይ ግን ይለወጣል፣ ምክንያቱም ቅርፊቱ ዱቄት ነው። እንግዲህ አንድ የተጠበሰ ዶሮ ስንበላ ሦስት ነገር እየበላን ነው፦ ስጋ፣ ቆዳ፣ ዘይት የጠጣ ዱቄት። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ስጋው ጥሩ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ያለ ቆዳ የበሰለ 100 ግራም የዶሮ ደረት 31 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱ ከ4 ግራም አይበልጥም፣ ጉልበቱም 165 ካሎሪ ገደማ ነው። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን ወደ 44 ግራም ፕሮቲን ይበቃታል ይባላል። ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ስታነሳ፣ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ለምትውል ሴት ፕሮቲን ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ጥብሱ እንሂድ። ኬኤፍሲ አሜሪካ ውስጥ ስለ ዋናው የዶሮ ጥብሱ ያወጣው ቁጥር እንዲህ ይላል። አንድ ደረት 390 ካሎሪ፣ 21 ግራም ቅባት፣ 39 ግራም ፕሮቲን፣ 1190 ሚሊግራም ሶድየም። አንድ የታችኛው እግር 130 ካሎሪ፣ 8 ግራም ቅባት፣ 12 ግራም ፕሮቲን፣ 430 ሚሊግራም ሶድየም። ታፋው 280 ካሎሪና 19 ግራም ቅባት አለው። እዚህ ዶሃ የሚሸጠው በመጠን ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ ሌሎቹ ሱቆችም የየራሳቸው አሠራር አላቸው፣ ግን ነገሩን ለመረዳት ይበቃናል። ደረትና እግር አንድ ላይ ብንበላ 520 ካሎሪ፣ 29 ግራም ቅባት፣ 51 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። የቀኑን ፕሮቲን በአንድ ቁጭታ ጨረስን ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ያን ያህል ክፉ አይመስልም።

ግን ማናችን ነን ዶሮውን ብቻ የበላነው? 100 ግራም የድንች ጥብስ ወደ 310 ካሎሪ ይጨምራል። አንድ ጣሳ ኮላ 139 ካሎሪ አለው፣ በውስጡም 35 ግራም ስኳር፣ ይህም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ነው። (ሻይ ውስጥ 9 ማንኪያ ስኳር የምታደርግ ሴት ብናይ እንጮህባት ነበር።) በዚያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ ወደ 100 ካሎሪ። ድምሩ ከ1000 ያልፋል። አንዲት ሴት በቀን ወደ 2000 ካሎሪ ያስፈልጋታል ቢባል ግማሹ በአንድ ምሳ ገባ። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ በለስላሳ መጠጥ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ የጣለችው ያለ ነገር አይደለም።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለእኛ ትልቁ ነገር ካሎሪው አይደለም። እኛ ቁጭ ብለን የምንውል ሰዎች አይደለንም። የሚያስፈራኝ ጨው ነው። ሶድየም የሚባለው የጨው ክፍል ነው፣ 400 ሚሊግራም ሶድየም ማለት 1 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ የማይሞላ። ያ ደረትና እግር ብቻውን 4 ግራም ጨው ነው። ድንቹ፣ ኬቻፑ፣ ኮመጠጡ ገና አልተቆጠረም። ጨው ደግሞ እንደ ስኳር አይታወቅም፣ ምላስ ይለምደዋል። ቅርፊቱን ብናነሳ ቅባቱ በጣም ይቀንሳል፣ ጨዉ ግን ሁሉም አይወጣም፣ ምክንያቱም ስጋው ከመጠበሱ በፊት ጨውና ቅመም ውስጥ ስለሚቆይ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ከመካከላችን አንዷ ታላቅ እህታችን (ስሟን አልጽፍም፣ ፈቅዳልኝ ነው ታሪኳን የጻፍኩት) የምትሠራበት ቤት ማታ ማታ የተጠበሰ ዶሮ ያስመጡ ነበር። የእሷ እራት የልጆቹ ትርፍ ነው። ልጆቹ ስጋውን በልተው የሚተዉት ምንድን ነው? ቅርፊት፣ ቆዳ፣ የክንፍ ጫፍና ድንች። ወራት እንዲህ ኖረች። ራሷን ያማታል፣ ማጅራቷ ይከብዳል፣ እሷ ግን የድካም ነው እያለች ፓናዶል ትውጣለች። በመጨረሻ ስትለካ ግፊቷ ከ160 በላይ ተገኘ። ጤነኛ ግፊት በ120 በ80 አካባቢ ነው፣ 140 በ90 ከደረሰና በተደጋጋሚ እንደዚያው ከሆነ የደም ግፊት በሽታ ይባላል። ዶሮው ብቻ አመጣባት ልል አልችልም፣ ዘርም ዕድሜም የእንቅልፍ እጦትም አለበት። ሐኪሙ ግን መድኃኒት ሰጥቶ መጀመሪያ የጠየቃት «ማታ ምን ትበያለሽ?» ብሎ ነው። መድኃኒቷን እስካሁን ትወስዳለች። ከእናንተ ውስጥ ተለክታ የማታውቅ ካለች እዚሁ ሠፈር የኤርፖርት ጤና ጣቢያ አለ፣ የጤና ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ማዳም ጋ ከሆነ ጠይቁ።

ስለ ትርፍ ምግብ ሌላም ነገር አለ። የበሰለ ዶሮ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ መቆየት የለበትም፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። እነሱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከፍተው እየቀማመሱ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ እኛ አጽድተን ልንበላ ስንቀመጥ 6 ሰዓት ሆኗል። እንዲህ የቆየውን ማሞቅም ሁልጊዜ አያድንም፣ አንዳንዱ ጀርም የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ዶሮው እንደመጣ ማዳምን አስፈቅዳችሁ ድርሻችሁን ለይታችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ ስትበሉም እንፋሎት እስኪያወጣ በደንብ አሙቁት። እኔ በሰባራ አረብኛዬ «ማማ፣ አና ማ አብጊ ዲጃጅ ኩል ዮም፣ አብጊ አደስ ወ ሰላጣ» ብዬ ነገርኳት። ሳቀችብኝ፣ ግን በማግስቱ ምስር ገዝታ አመጣች። ሁሉም እንዲህ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሆኖም ይህን እወቁ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 አሠሪው ተገቢ ምግብና መኖሪያ መስጠት አለበት ይላል። ከልጅ ሳህን የተራረፈ ቅርፊት ተገቢ ምግብ አይደለም። ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ደግሞ ምግብ የማይሰጥ አሠሪ ለምግብ በወር ቢያንስ 300 ሪያል ይክፈል ይላል፣ እኛንም ይጨምራል። 300 ሪያል በቀን 10 ሪያል ነው። በዚያ ገንዘብ ከሱቅ ዶሮ እየገዙ ወር መድረስ አይቻልም፣ ሞክረን አይተነዋል።

ዘይቱንም ልንረሳው አይገባም። ዶሮ ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚንጫጫው በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ነው። እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ዘይቱን ይገፋዋል። ከዘይቱ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ግን እንፋሎቱ ያቆምና ቅርፊቱ በላዩ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ ቤት ስትጠብሱ እንደወጣ ወዲያው በሽቦ ላይ አንጠፍጥፉት፣ ሳህን ላይ አትከምሩት። በደንብ ያልጋለ ዘይት ቅርፊቱን ቶሎ ስለማያደርቀው ዶሮው ዘይት እንደያዘ ይቀራል፣ 175 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ጠቁሮ፣ አረፋ ይዞ፣ የሚጨስ ዘይት ይደፋ፣ «ገና ነው» ቢሉም። ብሮስት የሚሉት በግፊት ድስት ዘይት ውስጥ የሚበስል ነው። ኮሎኔል ሳንደርስ የሚባለው አሜሪካዊ ኬንታኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 አካባቢ በግፊት ድስት መጥበስ የጀመረው ቶሎ እንዲደርስለት ነበር። ሳዑዲ የነበራችሁ የምታውቁት አል ቤክም እ.ኤ.አ. በ1974 ጅዳ ላይ በዚሁ ብሮስት ነው የተነሳው። ስጋው ውሃውን ስለማያጣ ይለሰልሳል፣ ቆዳውና ጨው ግን ያው ነው።

የኛ ዶሮ ወጥስ? አንዷ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ቅቤው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ቅባት የለውም ብዬ አልዋሽም። ግን እናቶቻችን 12 ብልት አድርገው ሲያወጡ መጀመሪያ ቆዳውን ይገፉታል። የዶሮ ስብ አብዛኛው ቆዳው ሥር ነው ያለው፣ እነሱ ባዮሎጂ ሳይማሩ አውቀውታል። በዚያ ላይ አንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ብልት ነው፣ አንድ ባኬት ለሁለት አይጨርሱም።

በጥብስ ዶሮ ውስጥ የሌለውንም ልንገራችሁ። አሰር በስጋው ውስጥ ጭራሽ የለም፣ የሆድ ድርቀት የምታማርሩ ይህን ልብ በሉ። ብረትም ትንሽ ነው፣ በ100 ግራም ወደ 1 ሚሊግራም ብቻ። በየወሩ ደም የሚፈሳት ሴት በቀን እስከ 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ብዙዎቻችን ስንነሳ ዓይናችን የሚጨልመው፣ ደረጃ ስንወጣ ልባችን የሚመታው አንዳንዴ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ መመርመር ነው። የዶሮ ጉበት ግን በ100 ግራም ከ9 ሚሊግራም ያላነሰ ብረት አለው፣ ዋጋውም ከስጋው የረከሰ ነው። በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሶ፣ ሎሚ ጨምቆ መብላት ነው። (ነፍሰ ጡር ከሆነች ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ትተወው።) ሎሚ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፣ ሻይ ደግሞ ይከለክላል፣ ስለዚህ ሻያችሁን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቁት። ይህ ለኔም ከባድ ነው።

ለቀጣዩ አርብ የተስማማነው እንዲህ ነው። ባኬቱ ይቀራል ብለን አልማልንም፣ በወር አንዴ ይገዛል፣ ከኮላ ይልቅ ውሃ፣ ከድንቹ ይልቅ ሰላጣ ይዘን። በሌሎቹ አርቦች ተራ በተራ ቤት የምንሠራው ዶሮ ይሆናል። አሠራሩ፦ አንድ ሳዲያ ወይም ሌላ የበረዶ ዶሮ ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ ይቀልጣል። ቆዳው ይገፈፋል። ስታጥቡት ውሃው እንዳይረጭ በሳህን ውስጥ ይሁን፣ ጀርሙ ሰሃንና ሰላጣ ላይ ይዘላል። (እናቴ ዶሮ ሰባት ጊዜ ካልታጠበ አትበላም፣ ስለዚህ አትጠቡ ለማለት ድፍረት የለኝም።) ከዚያ በእርጎ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚ፣ በበርበሬና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለውሳችሁ ለጥቂት ሰዓት ፍሪጅ አቆዩት። ኮርንፍሌክስ ፈጭታችሁ ለብጡት፣ ጥቂት ዘይት ቀብታችሁ በ200 ዲግሪ ኦቨን 40 ደቂቃ ያህል አንዴ እያገላበጣችሁ አብስሉት። አጥንቱ ጋ ስትወጉት የሚወጣው ውሃ ቀይ ከሆነ ይመለስ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ወደ 3 ግራም ነው፣ ለሙሉ ዶሮ። የሱቁ አንድ ደረት ብቻውን ያን ያህል ነበረው።

የመጀመሪያዋ ተረኛ እኔ ነኝ፣ ኮርንፍሌክስ ያላት ይዛ ትምጣ።