የሞተር ሳይክል መሪን በቤት ውስጥ ስለመቀየር፦ ያማሃ ኤጂ 100 እንደ ምሳሌ

ያማሃ ኤጂ 100ን የማያውቅ ተማሪ በዲፓርትመንታችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና የእርዳታ ድርጅቱ በገጠር መንገድ ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት ሞተር ነው። ባለ ሁለት ምት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መደርደሪያ ያለው፣ ሰንሰለቱ በሽፋን የተዘጋ፣ በሁለቱም ጎን ማቆሚያ እግር የተገጠመለት ነው። ለእርሻ ሥራ ተብሎ ስለተሠራ ጥንካሬውን ማንም አይክድም። ቀኑን ሙሉ ሲነዱት የሚውሉት ሰዎች ግን እጃቸው እንደሚደነዝዝ፣ ትከሻቸውና ወገባቸው እንደሚያማቸው ይናገራሉ። ከዚያም ከፍ ያለ መሪ ይገጠምልን ይላሉ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ ሥራውም ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን መሪ መቀየር ማለት ቱቦ መቀየር ብቻ እንዳልሆነ ነው። ቱቦውማ ጥቂት ብሎን ነው። ዋናው ሥራ ያለው ቱቦው ላይ ከታሰሩት ኬብሎች ጋር ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከእነሱ ነው።

በመጀመሪያ ሕመሙ ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ፣ በመዳፍ ውጫዊ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው የሰውነት ክብደት በእጅ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የሞተሩ ንዝረት ደግሞ ያባብሰዋል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ ግን የእጅ አንጓው ታጥፎ ስለሚቆይ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ በአብዛኛው የመሪው ቁመት ሳይሆን የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች አቀማመጥ ነው። ነጂው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን እጀታው ላይ ሲያደርግ ክንዱና የእጁ ጀርባ በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የእጀታዎቹን ማሰሪያ ትንሽ ላላ አድርጎ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ማዞር ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ራሱን መሪውንም በማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ወደ ኋላ ማዞር ይቻላል። በእኔ አስተያየት መሪ ይቀየርልኝ ከሚለው ሰው ብዙው በዚህ ይድናል።

በዚህ ካልዳነ ወደ ቱቦው እንሂድ። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል መሪ ውፍረቱ 22.2 ሚ.ሜ. ነው፤ ይኸውም የአንድ ኢንች ሰባት ስምንተኛ መሆኑ ነው። ለምን ይህን እንደማነሳ ልንገራችሁ። ከፍ ያለ መሪ በገበያ ሲጠፋ በየብየዳ ቤቱ የውኃ ቧንቧ አጥፎ መግጠም ይታያል። የግማሽ ኢንች የውኃ ቧንቧ የውጭ ውፍረት 21.3 ሚ.ሜ. ነው። በዓይን አይለይም፤ የ0.9 ሚ.ሜ. ልዩነት ግን ማቀፊያው ቱቦውን ዙሪያውን እንዳይነክሰው ያደርጋል። ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፤ ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሪው ላይ ሲደገፍ ግን መሪው ይዞርበታል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅም መፍትሔ አይደለም። በትክክለኛው መሪ መሐል ላይ ማቀፊያው የሚይዘው ሻካራ ቦታ አለ፤ ቧንቧው ይህ የለውም። የድሮውን መሪ ቆርጦ መሐሉ ላይ በብየዳ ማስረዘምም ያው ነው፤ ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ከንዝረቱ ብዛት ይሰነጠቃል።

ስለ ስፋቱም አንድ ነገር ልበል። 72 ሳ.ሜ. የነበረውን መሪ በ80 ሳ.ሜ. ብንቀይር የእያንዳንዱ እጅ ርቀት ከመሐሉ ከ36 ወደ 40 ሳ.ሜ. ያድጋል። መሪውን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል በ10 ከመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። ጭቃ ውስጥ ይጠቅማል፤ በጠባብ የእግር መንገድ በቁጥቋጦ መሐል ለሚያልፍ ሰው ግን ጣት ያስመታል። ቁመትም ከልክ በላይ ሲሆን ነጂው ወደ ኋላ ተደግፎ ክብደቱ ሁሉ ጅራቱ ላይ ያርፋል፤ የፊት ጎማም ይቀልላል። ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. መጨመር ለብዙ ሰው ይበቃል ባይ ነኝ።

አፈታቱ ቀላል ስለሆነ አላስረዝመውም። ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ታንኩ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይደረጋል። ከመፍታታችሁ በፊት ኬብሎቹና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ ወረቀት ላይ ሣሉ፤ ስልክ ያለው ፎቶ ያንሳ። የግራው የመያዣ ጎማ አልወጣ ካለ በቀጭን ካቻቢቴ ከፍ አድርጎ የሳሙና ውኃ ማስገባት ነው። ስትመልሱት ሳሙናው በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፣ ከዚያ ጎሚስታ የሚጠቀምበትን ሶሉሽን ቀብታችሁ አስገቡት። በቀኝ በኩል፣ ነዳጅ መስጫው በሚዞርበት ቱቦ ላይ ግን ምንም ማጣበቂያ አይደረግም። ደግሞም የመብራትና የክላክስ ማብሪያዎቹ ቤት ውስጥ ትንሽ ጥርስ ሊኖር ይችላል፤ መሪው ላይ ባለ ቀዳዳ ይገባል። አዲሱ መሪ ቀዳዳ ከሌለው ለክቶ መብሳት ይቻላል፤ ማቀፊያው በሚይዘው ቦታ አጠገብ ግን ፈጽሞ መብሳት የለበትም።

አሁን ወደ ኬብሎቹ። ኤጂ 100 የፊት ፍሬኑ የከበሮ ፍሬን ስለሆነ ከመሪው የሚነሱት ዋና ኬብሎች ሦስት ናቸው፦ የፍሪሲዮን፣ የነዳጅ መስጫና የፊት ፍሬን። መሪው 4 ሳ.ሜ. ከፍ ሲል ሦስቱም 4 ሳ.ሜ. ያህል ይጎድላቸዋል። ብዙ ሰው ሞተሩ ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ እያለ አይቶ ደርሷል ይላል። ኬብል ግን የሚያጥረው ሲዞር ነው። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ቀኝ እጅ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የነዳጅ መስጫው ኬብል ይወጠራል። ወደ ቀኝ ሲዞር ደግሞ የፍሪሲዮኑ።

በሒሳብ እንየው። ኬብሉ ከመሪው የመዞሪያ ዘንግ በ6 ሳ.ሜ. ርቀት ቢያልፍና መሪው 45 ዲግሪ ቢዞር፣ በግምት 6 ሲባዛ በ0.785፣ ማለትም 4.7 ሳ.ሜ. ተጨማሪ ኬብል ይፈልጋል። ኬብሉ ቀድሞ 5 ሳ.ሜ. ትርፍ ነበረው እንበል። ለከፍታው 4 ሲወሰድ የሚቀረው 1 ነው። ቀጥ ሲል ደህና ይመስላል፤ ጥግ ድረስ ሲዞር 3.7 ሳ.ሜ. ይጎድለዋል። ያን ጊዜ የኬብሉ ሽፋን ከቦታው ይሳባል፣ ነጂው ሳይነካው ነዳጅ ይከፈታል። ቁልቁለት ላይ በጠባብ ቦታ ሲያዞር ሞተሩ በራሱ ሲጮህና ሲፈተለክ አስቡት!

የፊት ፍሬን ኬብል ጠባዩ ሌላ ነው። የታችኛው ጫፉ ከጎማው ጋር ስለሆነ ከመሪው ጋር አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ መሪ በማዞር አይፈተንም። እሱ የሚያጥረው የፊት ሹካው ሲዘረጋ ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ፣ ሹካው ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ከያዘ ኬብሉ አጭር ነው። መንገድ ላይ ቢሆን ጎማው ከጉብታ ላይ ሲዘል ፍሬኑ በራሱ ይይዝ ነበር ማለት ነው።

በኤጂ 100 ላይ የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልገው የነዳጅ መስጫው ኬብል ነው። ይህ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በእጅ አይደባለቅም፤ ያማሃ አውቶሉብ ብሎ የሰየመው ፓምፕ ነው የሚያጠጣው። ኬብሉ ከእጅ ተነስቶ መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ካርቡሬተሩ፣ ሌላው ወደ ዘይት ፓምፑ። ነዳጅ ሲጨመር ዘይቱም አብሮ እንዲጨምር ነው። እንግዲህ ኬብሉ አጥሮ ሚኒሞው ከፍ ሲል በየቦታው ያለውን ማስተካከያ ብሎን እያላሉ ጸጥ ማሰኘት ይቻላል። ጸጥም ይላል። ነገር ግን የፓምፑ ኬብል ከላላ ለተከፈተው ነዳጅ የሚመጣው ዘይት ያንሳል። ይሄ በዚያው ቀን አይታወቅም። ረጅም ዳገት ላይ ጭነት ተጭኖ ሲሄድ ፒስተኑ ሲግልና ሲሊንደሩ ላይ ሲጣበቅ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ኬብሉ ካጠረ ረጅም ኬብል መግዛት ወይም ዝቅ ያለ መሪ መምረጥ እንጂ በማስተካከያ ብሎን መሸፋፈን አይገባም። ኬብሉ በተነካ ቁጥር በፓምፑ መዘውር ላይ ያለው ምልክት ማኑዋሉ በሚያዘው ቦታ መግጠሙን ማየት የግድ ነው።

ማጥበቁን በተመለከተ፣ የማቀፊያው ብሎኖች ብዙ ጊዜ ባለ 8 ሚ.ሜ. ናቸው፤ የሚፈልጉትም 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ የኃይል መለኪያ ቁልፍ ያለው ሰው ጥቂት ነው። 20 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለውን ቁልፍ ጫፉን ይዞ በ10 ኪሎ ያህል ኃይል መሳብ ግን ወደዚያው ይደርሳል፤ አሥር ኪሎ ጤፍ ማንሳት ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንድ ማቀፊያ ላይ የነጥብ ምልክት አለ፤ ምልክቱ በብዙ ሞተሮች ወደ ፊት ይሆናል፣ የፊቶቹ ብሎኖችም ቀድመው ይጠብቃሉ። የእያንዳንዱን ሞዴል ማኑዋል ማየት ይሻላል።

ሲያልቅ ፈተናው እንዲህ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሡ፣ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ከዚያ መሪውን ቀስ እያላችሁ ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ አዙሩ። ድምፁ በትንሹም ቢሆን ከተለወጠ ሞተሩ ከግቢ አይወጣም። በሁለቱም ጥግ አውራ ጣታችሁ ከታንኩ ጋር እንዳይጣበቅ፣ የእጀታው መከላከያ ዘንግም ከፊት መደርደሪያው ጋር እንዳይጋጭ እዩ። ነዳጅ መስጫውን ከፍታችሁ ስትለቁት በማንኛውም የመሪ አቅጣጫ በራሱ ተመልሶ መዘጋት አለበት። ክላክሱን፣ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ሞተር ማጥፊያውን መሪው ጥግ ላይ እያለ ሞክሩ፤ የተወጠረ ሽቦ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ ደግሞ የማቀፊያውን ብሎኖች እንደገና በቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ አዲስ መሪ ማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ስለሚቀመጥ ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ይቀበላሉ።