ሎሚው ቢጫ፣ ቁጥቋጦው ለምለም የሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። የግቢዬ ሎሚ አዳዲስ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ ያለው የበረሃ ቁጥቋጦ ግን ማንም ሳይንከባከበው ለምለም ነው። አፈሩ ብረት አጥሮት ይሆን?

መልስ፦ ምልክቱ የብረት እጥረት ነው፤ አፈርዎ ግን ብረት አላጣም፤ ብረቱ ታስሮበት ነው። ዝናብ በሚያንስበት ቦታ ኖራው ታጥቦ ስለማይሄድ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ያንሳል) ብዙ ጊዜ 8 አካባቢ ይሆናል። ፒኤች በ1 ከፍ ሲል፣ በኬሚስትሪው ስሌት፣ የሚሟሟው ፌሪክ ብረት 1000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ፎስፈረስም ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ዚንክና ማንጋኒዝም እንደ ብረቱ ይታሰራሉ።

ቁጥቋጦው የሚኖረው በዚያው አፈር ላይ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ኖራማ አፈር የለመዱ ብዙ ዕፅዋት ከሥራቸው እንደ ሲትሪክ ያሉ አሲዶችን ያመነጫሉ። በሥሩ ዙሪያ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ብቻ፣ ፒኤቹ ዝቅ ይላል፤ ብረቱም ፎስፈረሱም ይለቀቃል። ብዙዎቹ ከሥራቸው ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስም አላቸው፤ ቀጫጭን ክሮቹ ሥሩ ከማይደርስበት ፎስፈረስ ያመጣሉ። እድገታቸው አዝጋሚ በመሆኑም ፍላጎታቸው ጥቂት ነው። ሎሚ ግን በአሲድ ብረት የማስለቀቁ ብልሃት እምብዛም የለውም።

ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋ ካወጣ ኖራማ ነው። እንግዲያው ተራ የብረት ሰልፌት አይግዙ፤ አፈሩ ፈጥኖ ያስረዋል። ኢዲዲኤችኤ የሚባለውን የብረት ኬሌት ይጠይቁ፤ በከፍተኛ ፒኤችም ይሠራል። ውሃ አያብዙበት፤ የረጋ ውሃ ባይካርቦኔትን ጨምሮ እጥረቱን ያባብሰዋል። አመድም ፈጽሞ አይድፉበት፤ ፒኤቹን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል።