«ለመጽሐፍ ነው ብዬ ጊደሯን አስሸጥኩት»

እትዬ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ ነገሌ ቦረና ነው። ቤተሰቦቼ ከከተማው ወጣ ብለው ከብት ያረባሉ። በድርቁ ከብቶቻችን አለቁ። ጎሳችን በቡሳ ጎኖፋ ላምና ጊደር ሰጥቶን አባቴ እንደገና ጀመረ።

ጊቢ ከመግባቴ በፊት ሐይቅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከዶርም ልጆች ጋር ፍቅር ሐይቅ እንወርዳለን፤ አንዱ ጊታር ይይዛል። እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ እንበላለን። የኪነ ጥበብ ክበብ ገብቼም ድራማ እየተለማመድኩ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጓደኞቼ ግን ከቤት የሚላክላቸው ናቸው። መዋጮው ሲበዛብኝ ተበደርኩ። ዕዳው ሲጠናብኝ አባቴን «መጽሐፍ ግዙ ተብለናል» አልኩት። ጊደሯን ሸጦ በጎረቤታችን ልጅ ቴሌብር ላከልኝ። ዕዳዬን ከፍዬ የተረፈውን በአንድ ልጅ ልደት ላይ አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ሐይቁን ሳየው ያመኛል። አባቴ አንድ ቀን ተዝናንቶ አያውቅም። ክበቡንም ጓደኞቼንም ትቼ ቸካይ ልሁን? የድሃ ልጅ መጫወት አይገባውም ማለት ነው? ክረምት ስገባስ አባቴን በምን ዓይኔ ላየው ነው?

የነገሌው ልጅ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ መጀመሪያ ልቆጣህ፤ ከዚያ እንመካከራለን።

ከብት የማያውቅ ሰው ደብዳቤህን ቢያነብ «ልጅ አባቱን ዋሽቶ ብር ተቀበለ» ብሎ ያልፋል። አንተ ግን ጊደር ምን ማለት እንደሆነች ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። ነገ የምትወልድ፣ ወተቷ ታናናሾችህን የሚያሳድግ፣ ጥጃዋም በተራዋ የምትወልድ ናት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳችሁ፣ የጋናውም የሐጋያውም ዝናብ ደመና ብቻ አሳይቶ ሲያልፍ፣ በረቱ ባዶ እንደቀረ ራስህ ጽፈህልኛል። በዚያ ላይ ጊደሯ የቡሳ ጎኖፋ ናት። ለማያውቁት አንባቢዎቼ፦ በቦረና ከብቱ ያለቀበት ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ያቀርባል፤ ጎሳውም ተሰብስቦ ይመክርና ካለው ላይ አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። እንዲህ የተገኘች ከብት እንደ ዋዛ ገበያ አትወጣም። አባትህ የሰጡትን ሰዎች ፊት ለፊት እያየ «ለልጄ ትምህርት ነው» ሳይል አልቀረም። ያንተን ውሸት ሳያውቀው በራሱ አፍ ተናግሮልሃል። ይህን የምልህ ነገሩ እንዳይቀልልህ ብዬ ነው።

ቁጣዬ እዚህ ላይ አበቃ። አንተ ጨዋታውንና ውሸቱን በአንድ ገመድ አስረህ ሁለቱንም ልትጥል ነው። ፍታቸው።

አባትህ ተዝናንቶ አያውቅም ያልከኝ ጠይቀኸው ነው? ዱብሉቅ ወርዶ ኤላ፣ ማለትም የውሃ ጉድጓድ፣ ውስጥ የገባ የቦረና ሰው እንዴት ውሃ እንደሚያወጣ ንገረኝ እስቲ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የቆዳውን ባልዲ እየወረወሩ ይቀባበላሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት እየዘፈኑ ነው፤ እጃቸው የሚሄደው በዜማው ልክ ነው፤ ከብቶቹም ድምፁን ለይተው ወደ ገንዳው ይመጣሉ። ላባቸው እየተንጠፈጠፈ የሚዘፍኑ ሰዎች ልጅ ነህ። አንተ ሐዋሳ ላይ ጊታር ሰምተህ «ደስታ አገኘሁ» ስትል ደስ ይለኛል፤ ግን ጨዋታ እዚያ የተፈጠረ አይምሰልህ። የሐይቁ ዳር ራሱም ቢሆን የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም። ሲዳማዎች ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብሩበት ጉዱማሌ እዚያው አጠገብህ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ የእናንተው ገዳ በዓመቱ ተከተለ። ጓደኞችህ «የበረሃ ልጅ» እያሉ ቢቀልዱብህ ይህንን ንገራቸው።

ስለዚህ ክበቡን አትተው። ድራማውን ከመሐል ጥለህ ብትወጣ አባትህ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚጎዱት አብረውህ የሚለማመዱት ልጆች ናቸው። ቸካይ ሆኜ በደሌን እክሳለሁ ማለትም አይሠራም፤ የተጨነቀ ሰው ላይብረሪ ቢውል ገጽ ነው የሚገልጠው።

ብሩ ላይ ግን ጨክን። ምግብህና መኝታህ በወጪ መጋራት ተይዞልሃል፤ ተመርቀህ ደመወዝ ስትይዝ ትከፍለዋለህ። ሳሙናና ኮፒ ይቀርሃል። ኪስህን ያራቆተው ዓሣው፣ ባጃጁና ልደቱ ነው እንጂ በሐይቁ ዳር በእግር መሄድማ ምን ያስወጣል? በሚቀጥለው ዓርብ መዋጮ ሲባል «እኔ ዛሬ የለኝም፤ ግን አብሬያችሁ እወርዳለሁ» በል። አንዴ ብቻ ነው የሚያሳፍረው። በዚህ ምክንያት የሚርቅህ ካለ የፈለገው መዋጮህን ነበር። ሐዋሳ ውስጥ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ በሳምንት ሁለት ቀን ብታስጠና የኪስህን ትችላለህ፣ ትንሽም ታስቀምጣለህ። ጊደር የሚያህል ነገር ቶሎ አይሞላልህም፤ መጀመሪያ ፍየል ይሁን።

አሁን ወደ አባትህ። በስልክ እንዳትነግረው! ቴሌብሩን የላከው የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። የገባህ ዕለት ማታም አይሆንም። ቡና ቀላው በቅቤ ተጠብሶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ «ልጃችን ተምሮ መጣ» ተብሎ ሲመረቅብህ ምርቃቱን አንገትህን ደፍተህ ተቀበል፤ ይከብድሃል፣ ይክበድህ። በማግሥቱ አባትህ ከብቶቹን ሲያወጣ አብረኸው ሂድ። ብቻችሁን ስትሆኑ «አባባ፣ መጽሐፍ አልነበረም። ተበድሬ ከጓደኞቼ ጋር አጥፍቼው ነው» በለው። ጓደኞቼ አሳስተውኝ የምትል ቃል አትጨምር። ይቅርታውንም በዚያው ቅጽበት አትጠይቀው። ዝም ካለህ አብረኸው ዝም በል፤ የምሳውን ሰዓትም ሙሉ ዝም ሊልህ ይችላል። ለሽማግሌዎች ንገር፣ ወይም ለሰጡን ሰዎች ራስህ አስረዳ ካለህ አታቅማማ፤ የተያዘው የእሱ ስም ነውና ምርጫው የእሱ ነው። ቁጣው በረድ ሲልለት ስለ ድራማው አጫውተው። ኤላ ውስጥ ማን ዜማ ያወጣ እንደነበርም ጠይቀው።

ፋይናል እንዳለቀ ተሳፈር፤ ጓደኞችህ «ሁለት ቀን እንቆይ» ቢሉህም አትስማ። ሐገረ ሰላምና ቦሬ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጋቢ ያዝ።