ፊደሉን የማይሸፍን ቢጫ

ጥያቄ፦ በፎቶሾፕ፣ የመጽሐፍ ገጽ ፎቶ ላይ አንድ መስመር በሃይላይተር የተቀባ ላስመስል ብል ቢጫው ፊደሉን ይሸፍነዋል። ኦፓሲቲውን ስቀንስ ቢጫው ራሱ ይደበዝዛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኦፓሲቲውን ወደ 100 ይመልሱት፤ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ቢጫውን ከፎቶው በላይ ባለ አዲስ ሌየር ላይ ይቀቡና ብሌንድ ሞዱን ከኖርማል ወደ መልቲፕላይ ይቀይሩት። መልቲፕላይ የላይኛውን ቀለም ከታችኛው ጋር ስለሚያባዛ ነጩ ወረቀት ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁሩ ፊደል ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የእውነተኛው ሃይላይተር ቀለምም ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ለዚህ ነው ውጤቱ የሚመሳሰለው። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ካለዎት ግን ቢጫ የሚሆነው ፊደሉ ነው።

ብራሹ ጠርዙ ደረቅ ይሁን፤ ለስላሳው ጭጋግ ያስመስለዋል። ሺፍት ተጭነው ቢጎትቱ መስመሩ ቀጥ ይላል። እኔ ግን በእጅ የተሰመረውን፣ ከመጨረሻው ፊደል ትንሽ አለፍ የሚለውን እመርጣለሁ።