ጡንቻ ውስጥ የሚበቅል አጥንት

አጥንት የሚገኘው በአጥንት ቦታ ብቻ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። በ2011 ዓ.ም በተመረቀው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፋ አንድ ወጣት በዕረፍት ቀኑ ኳስ ሲጫወት ጭኑን በጉልበት ተመታ እንበል። ጭኑ ያብጣል፣ ይበልዛል። ጓደኞቹ «ደሙ እንዲበተን ይታሽ!» ይላሉ፤ ቅባት ይመጣል፤ መታሸት ይጀመራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እብጠቱ ይጠጥራል፤ ጉልበቱም አልታጠፍ ይላል።

ምን ሆነ? ምቱ ጡንቻውን ከአጥንት ጋር ሲጨፈልቀው ደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደም በጡንቻው ውስጥ ይቋጠራል። ሰውነት ጉዳቱን ሲጠግን አንዳንዴ መንገድ ይስታል፤ በጥገናው ላይ ያሉ ሕዋሳት ወደ አጥንት ሠሪነት ይለወጣሉ። ሐኪሞች ማዮሳይተስ ኦሲፊካንስ ይሉታል። ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣቶችን ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው በፊተኛው የጭን ጡንቻና ከክርን በላይ ባለው የክንድ ጡንቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች በፈረሰኞች የውስጥ ጭንና የጠመንጃ ሰደፍ በሚመታው የወታደሮች ትከሻ ላይ አይተውታል።

ራጅ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ አጥንቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። እስኪበስል ወራት ይፈጃል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ሳይበስል ከተቆረጠ ግን ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። የአጥንት ነቀርሳ ሊመስልም ስለሚችል፣ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ጨዋታውን ወዲያው ማስቆም።
2. በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ።
3. በፋሻ መጠነኛ አድርጎ ማሰር፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ።
4. በመጀመሪያዎቹ ቀናት አለማሸት፣ በሙቅ ውሃ አለመተኮስ፣ በግድ አለመዘርጋት።
5. ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወይም እግሩ ከደነዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መውሰድ።

ወጌሻ በአገራችን ትልቅ እምነት የተጣለበት ባለሙያ ነው። ሆኖም ትኩስ ጉዳትን በኃይል ማሸት ደሙን ያበዛል፤ ጡንቻ ውስጥ አጥንት የመብቀሉንም ዕድል ይጨምራል።

ነገ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ልጅ ተመቶ ሲወድቅ ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። «እሹት!» የሚለው ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ «ቆይ፣ በረዶ አምጡ» የሚል መምህር ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄ፦ በየአካባቢያችሁ ጡንቻው የተመታ ሰው መጀመሪያ ምን ይደረግለታል? ለምን?